ዜሮ ማንበብ ለሚወዱ ሁሉ

ሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው የብናኝ ቆጠራን ሙያ ሳያውቀው ተምሮታል። ጠዋት ፀሐይ በክዳኑ ሽንቁር ስትገባና ያ ቀጭን የብርሃን ዘንግ እስከ ምድጃው ሲዘረጋ፣ ውስጡ የሚርመሰመሰውን ብናኝ ለመጨበጥ እጁን ያልሰደደ ልጅ የለም። ጨብጦ ሲከፍተው ባዶ ነው። እናት በበኩሏ መጥረጊያዋን ይዛ «ተው፣ አቧራ አታስነሣ!» ትላለች። አቧራውን የምታስነሣው እሷ ናት፤ ደፍሮ የሚነግራት ግን የለም።

በመድኃኒት ፋብሪካ ንጹሕ ክፍል ውስጥ የሚቆመው ብናኝ ቆጣሪ፣ ባለሙያዎቹ ፓርቲክል ካውንተር የሚሉት፣ ያው የሽንቁሩ ብርሃን ነው። በፀሐይ ፈንታ ሌዘር፣ በልጅ ዓይን ፈንታ ሴንሰር ገባበት እንጂ ጥበቡ አልተለወጠም። ትንሽ ፓምፕ በደቂቃ 28.3 ሊትር አየር ይስባል። እያንዳንዱ ብናኝ በሌዘሩ ፊት ሲያልፍ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው ይቆጠራል፣ ድምቀቱም የብናኙን መጠን ይናገራል። የምን ብናኝ እንደሆነ ግን መሣሪያው አያውቅም። የቆዳ ቅርፊት ይሁን የጨርቅ ጭረት፣ ባክቴሪያ ይሁን የአልኮል ጠብታ፣ ለእሱ ሁሉም ብልጭታ ነው። ዘመድ አይለይም፤ አለቃ አያውቅም። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

እንግዲህ እርስዎ፣ ውድ አንባቢ፣ መርፌ መድኃኒት በሚሞላበት ክፍል ብናኝ እንዲቆጣጠሩ ተመድበዋል እንበል። እንኳን ደስ አለዎት! የማይታይ ነገር እየቆጠሩ የማይታይ ደመወዝ የሚበሉበት የተከበረ ሥራ ነው። ቂሊንጦ ካለ ፋብሪካ ይሁኑ ቢሾፍቱ ክትባት ከሚሠራ ተቋም ዘንድ፣ ወይም ሜሪላንድ ባለ የሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ፣ ምክሬ አይለይም። ጠጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው፤ የተማርኩትንም ሳልሰስት እነግርዎታለሁ። የብናኝ ቁጥጥር ግቡ አንድ ነው፤ ቁጥሩ እንዲያምር። ቁጥር የሚያምርበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው፦ አየሩን ማጽዳት፣ አለዚያም ቆጠራውን ማሳመር። የመጀመሪያው ፊልተር ያስቀይራል፣ መስመር ያስቆማል፣ ከአለቃ ያጣላል። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው እንነጋገር።

አስቀድመው ጠላትዎን ይወቁ። ጠላትዎ ብናኙ አይደለም፤ 3,520 የሚባል ቁጥር ነው። ብልቃጥ አፉን ከፍቶ መድኃኒት በሚቀበልበት ቦታ፣ ኤ ደረጃ በሚባለው፣ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ 0.5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከዚህ መብለጥ የለበትም። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ግማሽ ማይክሮን ማለት እንግዲህ አንዲቷን ጠጉር በውፍረቷ መቶ አርባ ቦታ ሰንጥቆ አንዱን ማንሣት ነው። ቁጥሩ ለምን 3,500 ተብሎ አልተጠጋጋም ካሉ ጥፋቱ የጫማ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ደንብ ጥሩ ክፍል የሚሉትን በአንድ ኪዩቢክ ጫማ 100 ብናኝ ብለው ነበር፤ ያ ልክ ወደ ሜትር ሲገለበጥ ለዚህ መልከ ጥፉ ቁጥር መነሻ ሆነ። ጫማ ተቀይሮ በሚገባበት ክፍል እስከ ዛሬ የሚገዛው ጫማ ነው ማለት ነው። 5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ጣሪያው 29 ነው። ሃያ ዘጠኝ! በአንድ ሺህ ሊትር አየር ውስጥ። እርስዎ ይህን ገጽ ሲገልጡ ከዚያ በላይ በትነዋል።

ይህን 29 ለማሸነፍ የቆጣሪው ቱቦ ትልቅ ወዳጅዎ ነው። መስፈርቱ ለትላልቆቹ ብናኞች ሲባል ቱቦው ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይመርጣል፤ ጥምዝምዙም ይቀነስ ይባላል። እርስዎ አይስሙ። 5 ማይክሮን ብናኝ በአየር ዓለም ከባድ መኪና ነው፤ ኩርባ ላይ መታጠፍ ያቅተዋል፣ ከግድግዳው ተላትሞ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቱቦውን ሦስት ሜትር ያድርጉት፤ በማሽኑ ጀርባ ያዙሩት፤ ሁለት ሦስት ቦታ እንደ ዓባይ በረሃ መንገድ ያጥምዙት። ባለ ተሳቢው ሁሉ ገደሉ ላይ ይቀርልዎትና ቆጣሪው ጋ የሚደርሰው ቀላል ቀላሉ ብቻ ይሆናል። ቱቦው ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ እየቋጠረ ብናኙን ማበጠሪያ ጠጉር እንደሚስብ ይስበዋል። ስለ ቱቦ የሚጠይቅዎ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ስክሪኑን ነው። የአዲስ አበባ አየር ሳሳ ያለ ነውና ፓምፑ በእውነት 28.3 ሊትር መሳቡን እዚሁ ደጋው ላይ በፍሰት መለኪያ እናረጋግጥ የሚሉ ጠንቃቆችም አይጠፉም። ትንሽ የሚስብ ቆጣሪ ትንሽ እንደሚቆጥር የገባው ሰው ግን ዝም ይላል።

ቀጥሎ ቦታ። ቆጣሪው አፉን የት ይክፈት? መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱ ለአየር በሚጋለጥበት፣ የጎማ ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ በሚሰለፍበት፣ የሠራተኛ እጅ በሚገባበት ጠርዝ። እነዚህ ሁሉ መጥፎ ቦታዎች ናቸው፤ ብናኝ አለባቸው። እርስዎ አየሩን ከሚያጣራው ሄፓ ፊልተር ሥር፣ አስጠግተው ይስቀሉት። አየሩ ከዚያ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ እየፈሰሰ፣ የማንንም ክንድ ሳይዳብስ ይወርዳል። ከምንጩ አፍ በቅል ቀድቶ ስለ ታችኛው ወንዝ፣ ከብት ስለሚረግጠው፣ ንጹሕ ነው ብሎ እንደመማል ነው። የቀዱት ውሃ በእርግጥም ንጹሕ ነውና ውሸት አልተናገሩም። ኦዲተር «ለምን እዚህ?» ቢልዎ «በሪስክ አሰስመንት» ይበሉ። ይህች ቃል በሙያችን «እሱ ያውቃል» እንደማለት ናት፤ ጥያቄ ትዘጋለች።

የአየሩን መንገድ በጭስ አሳይቶ በቪዲዮ መቅረጽም ግዴታ ነው። (ቤት የለመዱትን እጣን እንዳያጨሱ፤ የሚፈለገው ከውሃ የሚሠራ ጭጋግ ነው። እጣንማ ራሱ ብናኝ ነው።) ጭሱ በሰው ክንድ ተመትቶ ወደ ብልቃጡ አፍ ሲጠማዘዝ የሚታይበትን ቦታ፣ የሠርግ ቪዲዮ ሠሪ ያኮረፈችውን አክስት እንደሚያወጣት ቆርጠው ያውጡት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደረጃዎቹን ያወጡት ሰዎች ሁለት ሚዛን አበጅተዋል፦ ክፍሉ ሲያርፍና ክፍሉ ሲሠራ። ኤን የሚከበው ቢ ደረጃ ክፍል ሲያርፍ 3,520 ይፈቀድለታል፤ ሲሠራ 352,000። መቶ እጥፍ! በሁለቱ መካከል ማሽን ተነሥቷል፣ እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ሰው ገብቷል። ሰው የአቧራ ወፍጮ ነው። ቆዳው ሳያቋርጥ እየተቀረፈ ይረግፋል፤ በቅርፊቱም ላይ ባክቴሪያ ታንኳ እንደተሳፈረ መንገደኛ ይንሳፈፋል። ፈጠን ብሎ ሲራመድ ይብሳል፤ ሲያወራ ይብሳል፤ ሲስቅማ አይነሣ።

ያገራችን ሰው ደግሞ የሚሸነፈው ሰላምታ ላይ ነው። ዓይኑ ብቻ እስኪቀር ተሸፍኖ፣ ሁለት ጓንት ደርቦ፣ እጁን አልኮል አጠጥቶ የገባ ሰው ጓደኛውን ሲያይ ሁሉንም ይረሳል። እጁን ይሰዳል፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፤ «እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ቤት ደህና፣ ልጆች ደህና» ይላል። ትከሻ በተጋጨ ቁጥር በልብሱ ውስጥ የታመቀው አየር በአንገትጌና በእጅጌ በኩል እንደ ወናፍ ይወጣል። የልጆቹ ደህንነት ተጣርቶ ሳያልቅ 29 አልፏል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ አገር ቤት ደርሶ የመጣ ጓደኛውን ንጹሕ ክፍል ውስጥ አግኝቶ ከሩቅ ራሱን ብቻ ቢነቀንቅለት፣ ሰውየው ለሦስት ወር ተቀየመው።

በዚያ ክፍል ሰላምታ በዓይን ነው። መራመድም ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ዝግ ብሎ ነው። ሜካፕ የለም፤ ጺም ይሸፈናል፤ ልብሱ ጭረት የማይጥል ፖሊስተር ነው። ጥጥ ክልክል ነው። ነጠላና ጋቢ ክብራችን ናቸው፤ በሌዘር ብርሃን ሲታዩ ግን ቀስ በቀስ የሚበተኑ ደመናዎች ናቸው። ተራ ወረቀትም አይገባም። ብናኝ የተቆጠረበት መዝገብ ራሱ ብናኝ ይጥላልና የማይበትን ልዩ ወረቀት ይገዛል፤ ዋጋውን ያየ የፋይናንስ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ብቻውን ያዝናናል።

ይህን ሁሉ ማስከበር ያደክማል፤ ከሰው ያቀያይማል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይቁጠሩ። ክፍሉ እንደ ጾመኛ ሆድ ባዶ ነው፤ ቁጥሩም ያንኑ ይመስላል። በተለመደው መሣሪያ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ለመሳብ 35 ደቂቃ ስለሚፈጅ ሸለብም ያደርጉበታል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመድኃኒት አመራረት ደንብ አዲሱ አባሪ 1፣ በኤ ደረጃ ቆጠራው ማሽኑ ከሚገጣጠምበት ጀምሮ ሥራው እስኪያልቅ ሳይቋረጥ ይሁን ማለቱ ይህችን እንቅልፍ ያበላሻል። ሕግ አውጪዎች የሌሊት ፈረቃ ሠርተው አያውቁም።

መብራት የሚሄድበት አገር ካሉ ሌላ ዕድል አለዎት። ኃይል ሲቋረጥ ፋኑ ይቆማል። ንጹሑን ክፍል ከጎረቤቱ ከፍ አድርጎ የያዘው የ10 ፓስካል ግፊት፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ውሃ የምታህል ነገር፣ ትተነፍሳለች፤ የኮሪደሩም አየር ድግስ እንደሰማ ዘመድ በየበሩ ስንጥቅ ይገባል። ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ክፍሉ ወደ ልኩ እንዲመለስ እስከ 20 ደቂቃ ድረስ ይሰጠዋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ቆጣሪውን ማብራት ጨዋነት አይደለም። ልብሱን በሚቀይር ሰው ላይ በር አይከፈትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አላርም ይጮኽ ይሆናል። ምን ያደርጋሉ? ማሽኑን ይክሰሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የተባለው ለዚህ ቀን ነው። ቆጣሪውን ከክስ ነጻ ማውጣት በጣም ቀላል መሆኑን ለማንም አይንገሩ፤ አፉ ላይ ዜሮ ፊልተር የምትባል ትንሽ ማጣሪያ ትገጠማለች፣ ለአምስት ደቂቃ ይስባል፣ ዜሮ ካነበበ ንጹሕ ነው። ብናኙ የክፍሉ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ዜሮ ፊልተሯን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን የዓመት ፈቃድ ለወጣ ሰው ይስጡ። በየዓመቱ መጠናቸው በሚታወቅ ድቡልቡል የፕላስቲክ ቅንጣቶች እየተፈተነ፣ ምስክር ወረቀቱን ይዞ የሚመለስን መሣሪያ ስም ማጥፋት ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ ፊትዎን በመስታወት ያለማምዱ።

ሁለተኛው ተከሳሽ አልኮል ነው። አንድ ሰው ጓንቱን ሲረጭ ጠብታዎቹ በሌዘሩ ፊት ካለፉ እንደ ብናኝ ይቆጠራሉ፤ ይህ እውነት ነው። እውነት በመሆኑም ለሌላው ሁሉ ውሸት በዋስትና ያገለግላል። የማያልቅ ማብራሪያ ነው፤ የረጨ ሰው ባይኖር እንኳ ሊረጭ ያሰበ አይጠፋም።

ሁለቱም ካልሠሩ ሦስተኛው አለ። መንስኤ፦ የሠራተኛ ስሕተት። የተወሰደ እርምጃ፦ ሥልጠና ተሰጥቷል። ይህን ሁለት መስመር ማኅተም አስቀርጸው ቢይዙት ጊዜ ይቆጥባሉ። አንድ የማውቀው ኦፕሬተር በአንዲት የዛገች የበር ማጠፊያ ምክንያት አራት ጊዜ ሠልጥኗል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ማጠፊያዋ ዝገት ታራግፋለች፤ ቆጣሪው ይጮኻል፤ ልጁ ይሠለጥናል። የሥልጠና ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ሞላ። ማጠፊያዋን ያሠለጠናት ግን አልነበረም።

ስለ ሕያዋኑም ትንሽ ልበል። ቆጣሪው ሕያውና ሙት አይለይም ብያለሁ፤ ለጀርሞቹ ሌላ ወጥመድ አለ። 90 ሚሊ ሜትር የሆነች ሳህን ምግቧን ይዛ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ክፍት ትቀመጣለች፤ ከዚያ ተከድና ሙቀት ሳጥን ውስጥ ቀናት ታሳልፋለች። ያረፈባት ነገር ካለ ያኔ ነጥብ ነጥብ ብሎ ይታያል። በኤ ደረጃ አንዲት ነጥብም አትፈቀድም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህች ናት፤ እሷ እስክትናገር መድኃኒቱ ተሞልቶ ታሽጓል። ይህም ለእርስዎ መልካም ነው። ከሳምንት በኋላ ያን ዕለት ማን ምን እንደነካ ማን ያስታውሳል?

ታሪክ የሚጠቅሱ ሰዎች ሲገጥሙዎት ይጠንቀቁ፤ ዊሊስ ዊትፊልድ የሚባሉ ሰው ያነሡብዎታል። የጥጥ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ጭረትን ከሕፃንነታቸው ያውቁታል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ በሚገኘው ሳንዲያ ላቦራቶሪ የፊዚክስ ባለሙያ ነበሩ፤ የጦር መሣሪያ ረቂቅ ዕቃዎች አቧራ እየገባባቸው ያስቸግር ነበር። ከእሳቸው በፊት ንጹሕ ክፍል ማለት ሲወለወል የሚውል፣ ሰው ሲገባበት ግን መልሶ የሚቆሽሽ ክፍል ነበር። እሳቸው አየሩን ራሱን መጥረጊያ አደረጉት። የተጣራ አየር በማያቋርጥ ሰልፍ ክፍሉን እየጠረገ ይወጣል፤ ሰው የሚጥለውን ጥሎ ሳይጨርስ ይዞት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሙከራ ሲነሣ ቆጣሪዎቹ ወደ ዜሮ ተጠጉ፤ የላቦራቶሪው ሰዎችም መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው አሰቡ። ልብ ይበሉ፤ እነሱ ማሽኑን የጠረጠሩት ቁጥሩ ሲያንስ ነው። እኛ የምንጠረጥረው ሲበዛ ነው። ይህን ያህል እንለያያለን እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ዊትፊልድ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያው ዓመት፣ እዚያው አሜሪካ፣ ምክሬን ሳይሰሙ የፈጸሙ ሰዎች ተገኙ። ማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሃም ውስጥ ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ለጀርባ ሕመም አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ ስቴሮይድ ይሞላል። ሰው መታመም ከጀመረ በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። የድርጅቱ የራሱ ናሙናዎች ከጃንዩዌሪ እስከ ሴፕቴምበር በንጹሕ ክፍሎቹ ውስጥ ከራሱ ወሰን ያለፈ ባክቴሪያና ሻጋታ መዝግበዋል፤ የተወሰደ እርምጃ የሚያሳይ ሰነድ ግን አልተገኘም። የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በእኛ አቆጣጠር ይጠፋ ነበር። ከአንድ ሣጥን 321 ብልቃጦች ውስጥ በ83ቱ አረንጓዴ የመሰለ ጥቁር ነገር በዓይን ይታይ ነበር፤ ሌዘር አላስፈለገም። በአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቆጠራ በ20 ግዛቶች 753 ሰዎች ታመሙ፣ 64 ሞቱ። አብዛኞቹ በሽተኞች ጀርባቸው ታሞ የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ቱቦ አላጠማዘዙም፤ ናሙናውን አልደበቁም። ቆጠሩ፣ ጻፉ፣ መዝገቡን አስቀመጡ። ይህን አንቀጽ ዘለው ቢያልፉት አልቀየምዎትም፤ እኔም ስጽፈው ቀልዱ ጠፍቶብኛል።

ወደ ሥራችን እንመለስ። የቀረኝ ስለ ቅጥር ነው፤ የሚያስቆጥሩትን ሰው ይምረጡ። እኔ ይህን አለማድረጌ ዋጋ አስከፍሎኛል። ስሙን በማልጠራው አንድ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቢሮዬ ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ አመሻለሁ። አንድ ሌሊት ሠራተኛውን ላበረታታ ብዬ ጋቢውን ጥዬ፣ ጋውን ለብሼ ገባሁ። በዓይን ሰላም አልኳቸው። መስመሩ ጋ ጠጋ ብዬም ብልቃጦቹ ሲሞሉ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጎበዝ እንደማለት ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ።

ጋውኑን ሳላወልቅ ስልክ ተደወለ። 5 ማይክሮን ጣሪያውን አልፏል። የምትቆጥረው አዲስ የተቀጠረች፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። «ማሽኑ ነው» አልኳት። ዜሮ ፊልተሩን ገጠመችለት፤ ዜሮ አነበበ። ቁልፉን ለማን እንደሰጠሁት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «አልኮል ተረጭቶ ይሆናላ» አልኳት። ጠየቀች፤ የረጨ የለም። «በይ እንግዲህ ድገሚው» አልኳት።

«እሺ ጋሼ፣ እደግመዋለሁ» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ግን ጽፌዋለሁ።»

35 ደቂቃ ጠበቅን። ሁለተኛው ንጹሕ ወጣ። «አላልኩሽም?» ብዬ ሻይ ልጠጣ ተነሣሁ። እሷ መልስ አልሰጠችም። የቆጣሪውን የደቂቃ በደቂቃ ህትመትና የበሩን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቁጥሩ የዘለለው በአንዲት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ዝምታ ነው። የበሩ መዝገብ ላይ በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ ትርፍ ሰው ብቻ ነው። ቀና ብላ አንገቴን አየችው። እጄን ብሰድ ከሸሚዜ አንገትጌ ላይ አንዲት ነጭ የጋቢ ክር ተንጠልጥላለች።

«መንስኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

የሠራተኛ ስሕተት ተብሎ ተጻፈ። በዚያች ደቂቃ መስመሩ ላይ የነበሩት ብልቃጦች ተለቅመው ተጣሉ። የተወሰደ እርምጃ፦ ሥልጠና ይሰጠዋል። በሳምንቱ ያሠለጠነችኝ እሷው ናት፤ ከልብስ ማውለቅ ጀምሮ፣ እንደ ሕፃን። ከዚያ ጓንቴንና ደረቴን በሳህን እየነካች ናሙና ወሰደች። በመጀመሪያው ፈተና ጓንቴ ላይ ሦስት ነጥብ አደገ። በሁለተኛው አለፍኩ።